የሌላውን ኀዘን ለሚሸከም ሰው

ባለፈው ዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ ከንስሐ ልጆቼ አንዲቱ ወደ ቤቴ መጣች። ሥራዋ በአንድ ሐኪም ቤት ውስጥ ነርስነት ነው፤ የምታገለግለውም ጽኑ ሕመምተኞች በሚተኙበት ክፍል ስለ ሆነ፥ በእጅዋ የሚድን እንዳለ ሁሉ በእጅዋ ላይ የሚሞትም ብዙ ነው። ተቀምጣ ጥቂት ዝም ካለች በኋላ እንዲህ አለችኝ፤ «አባቴ፥ ዱሮ ሕመምተኛ ሲሞት ከቤተ ሰቡ ጋር አለቅስ ነበር፤ አሁን ግን ዕንባዬ ደርቋል። ዐይኑን ከድኜ ወደሚቀጥለው አልጋ እሄዳለሁ። ዘመዶቹ ሲያለቅሱ ባዩኝም ጊዜ ቶሎ በጨረሱ እያልሁ እቆማለሁ። ወደ ቤቴ ስገባ ደግሞ ልጄ ሲጠራኝ አቤት ማለት ያቅተኛል። ልቤ ድንጋይ ሆኖ ይሆን? ይህስ ኀጢአት ይሆንብኛልን?»

ይህ ቃል በኑዛዜ የተነገረ ሳይሆን ምክር ለመጠየቅ የተነገረ ነው፤ እርስዋም ስምዋ ሳይጠቀስ እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች። ወዲያው ግን መልስ አልሰጠኋትም። የጠየቀችኝ ጥያቄ ከብዙ ዓመት በፊት እኔ ራሴ ለሌላ ሰው የጠየቅሁት ጥያቄ ነበረና።

እንግዲህ የተወደዳችሁ አንባብያን ሆይ፥ በዚህ ወር ልጽፍላችሁ ያሰብሁት ስለዚህ ድካም ነው። ገበሬ በእርሻ፥ ተሸካሚ በሸክሙ ይደክማል፤ ድካሙም በጀርባውና በጉልበቱ ስለሚታወቅ ሰው ሁሉ አይዞህ ይለዋል፤ እርሱም በልቶ ሲተኛ ይለቀዋል። የሌላውን ሰው ኀዘን በመስማት የሚኖር ሰው ግን ድካሙ በውጭ አይታይለትም። የንስሐ አባት፥ ሕመምተኛ አስታማሚ፥ ወላጅ የሌላቸውን ልጆች የሚያሳድግ፥ የተጣላ የሚያስታርቅ ሽማግሌ፥ እነዚህ ሁሉ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ሲሰሙ ውለው ማታ እንደ ድንጋይ ፈላጭ ደክመው ይገባሉ። ስለ ምን እንደ ደከማቸው ቢጠየቁም የሚመልሱት የላቸውም።

በዘመናችን ያሉ የሥነ ልቡና ሊቃውንት ለዚህ ነገር ስም አውጥተውለታል። ሄርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ በጀርመን ተወልዶ በአሜሪካ የኖረ ሊቅ፥ በኒው ዮርክ ከተማ ለድኾች ያለ ዋጋ ሕክምና በሚሰጥበት ቤት ሲያገለግል፥ በታላቅ ትጋት ሥራ የጀመሩት ረዳቶች ከጊዜ በኋላ ነዶ እንደሚያልቅ ነገር ውስጣቸው ባዶ ሆኖ መቅረቱን ተመልክቶ በ1966 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር በ1974) ጻፈ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2011 ዓ.ም. (በአውሮፓ 2019) ይህን ነገር በሽታ ነው ሳይል፥ ልክ ካጣ የሥራ ጭንቀት የሚመጣ ሁኔታ ነው ብሎ ሦስት ምልክቶችን ገለጠለት። አንደኛው የኀይል ማለቅ ነው፤ ሁለተኛው ከሥራው በልብ መራቅና ሥራውን በምሬት ማየት ነው፤ ሦስተኛው የሚሠሩት ሥራ ፍሬ የሌለው መስሎ መታየት ነው። ነርሲቱ ልጄ ይህን ጽሑፍ ሳታነብብ ሦስቱንም ምልክቶች በየተራ ነገረችኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ይህ ድካም ሰነፉን ሰው አያገኘውም፤ ሰነፍ ከመጀመሪያው አልነደደምና የሚያልቅ ነገር የለውም። የሚያገኘው በሙሉ ልብ የጀመረውን ሰው ነው። ስለዚህ አንድ ትጉህ ካህን በድንገት ቀዝቅዞ፥ ቁጡ ሆኖ፥ ከሰው ሸሽቶ ባየን ጊዜ «ተለወጠ፥ ኰራ፥ እምነቱ ጐደለ» ለማለት አንቸኵል።

መጻሕፍት ይህን ነገር አልሸሸጉም። ሊቀ ነቢያት ሙሴ ከጧት እስከ ማታ ተቀምጦ የሕዝቡን ክርክር ሲሰማ ዐማቱ ዮቶር አየው። ዮቶር የተናገረው ቃል በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 18 ተጽፏል፤ የነገሩም ፍሬ ይህ ሥራ በዚህ ዐይነት መልካም አይደለም፥ አንተም ትደክማለህ፥ ከአንተ ጋር ያለውም ሕዝብ ይደክማል የሚል ነው። ዮቶር ያዘነው ለሙሴ ብቻ እንዳልሆነ ልብ እንበል። የደከመ ዳኛ የሚያደክመው ሕዝቡን ነውና፥ አገልጋዩን ማሳረፍ ለሕዝቡ ማዘን ነው። ሙሴም የአሕዛብ ካህን መከረኝ ብሎ ሳይንቅ ምክሩን ሰምቶ፥ የሺህና የመቶ፥ የአምሳና የዐሥር አለቆችን ሾመ። ይህም ሆኖ ነገሩ በዚያ አልተፈጸመም። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 11 ሕዝቡ ሥጋ አምሮት በየድንኳኑ ደጃፍ ሲያለቅስ ሙሴ ወደ እግዚአብሔር ጮኸ፤ ይህን ሁሉ ሕዝብ እኔ ፀነስሁትን? እንደ ሞግዚት በዕቅፌ ልሸከመው እችላለሁን? እንዲህስ ከሆነ ሞቴ ይሻለኛል ወደሚል ቃል ደረሰ። እግዚአብሔርም ስለ ቃሉ አልቀጣውም። ሰባ ሽማግሌዎችን እንዲሰበስብ አዝዞ፥ በሙሴ ላይ ከነበረው መንፈስ ወስዶ በእነርሱ ላይ አሳደረ። ለሰባ ሰው የሚበቃ ሸክም አንድ ሰው ተሸክሞት እንደ ነበረ ከዚህ ይታወቃል።

የነቢዩ የኤልያስ ነገር ግን ከዚህ ይልቅ ያስደንቃል፤ እኔም ይህን ምዕራፍ ለደከመ ሰው ሁሉ የምሰጠው እንደ መድኀኒት ነው። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19 እንደምናነበው፥ ነቢዩ በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ከሰማይ አውርዶ ድል ባደረገ ማግሥት ኤልዛቤል ብትዝትበት ፈርቶ ሸሸ። ብላቴናውን በቤርሳቤህ ትቶ ብቻውን ወደ ምድረ በዳ የአንድ ቀን መንገድ ሄደ። ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦም ይበቃኛል፥ ነፍሴን ውሰድ ብሎ ለመነና ተኛ። በዚህ ጊዜ መልአክ መጣ። እኛ ብንሆን ለእንዲህ ያለው ሰው ምን እንለው ነበር? «ትናንት ያን ሁሉ ተአምር አይተህ ዛሬ ሞትን ትለምናለህን? እምነትህ ወዴት አለ?» ብለን እንገሥጸው ነበር። መልአኩ ግን ተነሥተህ ብላ አለው እንጂ አልገሠጸውም። በራስጌውም በፍም የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ነበረ። በላ፥ ጠጣ፥ ተመልሶም ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀሰቀሰውና አሁንም ብላ አለው፤ መንገዱ ሩቅ ነውና። የእግዚአብሔር ቃል ወደ እርሱ የመጣው፥ ስለ ምን በዚህ አለህ ተብሎ የተጠየቀው፥ ከሁለት ምግብና ከሁለት እንቅልፍ፥ ከ40 ቀንም መንገድ በኋላ በኮሬብ ነው። ጥያቄው ራሱ በነፋሱና በእሳቱ አልመጣም፤ በዝግታ ድምፅ መጣ እንጂ። ብቻዬን ቀረሁ ላለውም ሁለት ነገር ተሰጠው፤ ለበዓል ያልሰገዱ 7000 ሰዎች እንዳሉ ተነገረው፥ ኤልሳዕም ረዳት ሆኖ ተጨመረለት። ብላቴናውን ትቶ ብቻውን የገባ ነቢይ ከሌላ ሰው ጋር ሆኖ ተመለሰ ማለት ነው።

ብዙ ጊዜ እኛ ካህናት ይህን ሥርዐት ገልብጠን እንሠራበታለን። የደከመ ሰው ሲመጣብን በመጀመሪያ ተግሣጽ፥ ቀጥሎ ስግደት እንሰጠዋለን፤ እንቅልፉንና ምግቡን ግን የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን።

አሁን ስለ ራሴ ልናገር፤ ምንም እንኳ ስለ ራስ መናገር ለጸሐፊ የማያምር ቢሆን፥ የሚጠቅም ይመስለኛል። ነገሩ ከሆነ 20 ዓመት ያህል ይሆናል። የንስሐ ልጆቼ ከ100 ቤት በላይ ነበሩ። በዚያ ክረምት በሐምሌና በነሐሴ መካከል ዘጠኝ ሰው ቀበርሁ፤ ከእነርሱም አንዲቱ ገና በአራስነትዋ የሞተች ነበረች። ጧት ኪዳን፥ ቀትር ላይ ፍትሐት፥ ማታ ኀዘን ቤት፥ ሌሊት ደግሞ ሕመምተኛ ዘንድ እጠራ ነበር። ሰውም «እኒህ ካህን አይደክሙም» እያለ ሲያመሰግነኝ እሰማ ነበርና፥ እውነቱን ለመናገር ምስጋናው ደስ ይለኝ ነበር። ይህም ደስታ ከድካሙ የማያንስ ሌላ በሽታ እንደ ሆነ ያወቅሁት በኋላ ነው።

በአንድ ማታ ባልዋ የሞተባት ሴት መጣች። አርባው ካለፈ ጥቂት ሳምንት ሆኖት ነበር። ነገርዋን ጀመረች፤ እኔ ግን በደጃፍ የሚወርደውን ጐርፍ እመለከት ነበር። መስቀሉ በእጄ ነው፥ ልቤ ግን በዚያ አልነበረም። በመካከሉ ዝም ማለትዋን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ደንግጬ ስለ ትንሣኤ ሙታን ተናገርሁ። የተናገርሁት ቃል ሁሉ እውነት ነበር፥ አንድም ስሕተት አልነበረበትም፤ ነገር ግን ላልሰማሁት ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነበር። ሴትዮዋ መስቀል ተሳልማ ሄደች። አንድ ወር፥ ሁለት ወር ቈየች፥ አልመጣችም። በሦስተኛው ወር ጐረቤትዋን ብጠይቃት «የንስሐ አባቴ ደክመዋል፥ አላስቸግራቸውም ብላለች» ብላ ነገረችኝ። እንደዚያ ቃል ያቈሰለኝ ስድብ እስከ ዛሬ የለም። ልትጽናና የመጣች ሴት ለእኔ አዝናልኝ ሄዳ ነበር።

በዚያው ሰሞን ፈቃድ ጠይቄ ቅኔ ወዳስተማሩኝ ወደ የኔታ ሄድሁ። መንገዱ ከመኪና ወርዶ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ አለበት። ደርሼ እጅ ነሥቼ ነገሬን ልጀምር ስል «ቈይ፥ እህል የቀመስኸው መቼ ነው?» አሉኝ። ጧት ነው አልሁ። በሶ በጥብጠው ሰጡኝ፤ መደቡ ላይ አጐዛ አንጥፈው እንድተኛ አዘዙኝ። እስከ ማግሥቱ ቀትር ድረስ ተኛሁ። ስነቃ በደጃፉ ተቀምጠው ለተማሪ ቅኔ ይነግሩ ነበር። ተማሪው ከሄደ በኋላ ነገሩን ሁሉ ነገርኋቸው፤ የሴትዮዋን ምሥጢር ሳይሆን የእኔን ጥፋት። እርሳቸውም «የንስሐ አባትህ ማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። የንስሐ አባቴ ከሁለት ዓመት በፊት ዐርፈዋል፥ ሌላም አልያዝሁም ብዬ መለስሁ። የኔታ ራሳቸውን ነቅንቀው «እንግዲያው አንተ የሙት ልጅ ነሃ! የመቶ ቤት አባት ተብሎ የሙት ልጅ ሆኖ መኖር እንዴት ይቻላል?» አሉኝ።

ከዚህ በኋላ ስለ አሮን ልብሰ ተክህኖ ያስተማሩኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 28 እንደ ተጻፈው፥ ሊቀ ካህናቱ አሮን ወደ ቅድስት ሲገባ የዐሥራ ሁለቱን ነገድ ስም በዐሥራ ሁለት ዕንቍ ተቀርጾ በደረቱ ላይ ይሸከም ነበር፤ በትከሻውም ላይ በሁለት ዕንቍ የተቀረጸ ስማቸው ነበረ። «አየህ፥» አሉኝ፥ «ስሞቹ በልብሱ ላይ ናቸው። በደረቱ ላይ በመሆናቸው ለልቡ ይቀርባሉ፤ ነገር ግን በሥጋው ላይ አልተቀረጹም። ይዟቸው የሚገባው በእግዚአብሔር ፊት ሊያሳስባቸው ነው። በማስተስረያው ቀን ደግሞ አገልግሎቱን ሲፈጽም የተልባ እግሩን ልብስ አውልቆ በዚያው በመቅደስ እንዲተወው፥ ታጥቦም የራሱን ልብስ እንዲለብስ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 16 ታዝዟል። አንተ ግን ለብሰኸው ትበላለህ፥ ለብሰኸው ትተኛለህ፤ የሰውንም ኀዘን ወደ መቅደስ አስገብተህ በዚያ እንደ መተው ወደ ቤትህ ተሸክመህ ትገባለህ። ልጆቹን የሚያድናቸው አንተ እንደ ሆንህ ቈጥረሃልና።»

የመጨረሻው ቃል ከባድ ነበር፥ ነገር ግን እውነት ነበር። የካህን ሥራ ሸክሙን ማከማቸት ሳይሆን ማድረስ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ከመተኛቴ በፊት በዚያ ቀን የሰማኋቸውን ሰዎች በክርስትና ስማቸው እየጠራሁ አንድ በአንድ አሳስባለሁ፤ ከዚያም ፊቴን ታጥቤ ልብሴን ለውጬ ከቤተ ሰቤ ጋር እቀመጣለሁ። ሁልጊዜ ይሳካልኛል አልልም። አንዳንድ ቀን የሰው ነገር እስከ መንፈቀ ሌሊት ሲያገላብጠኝ ያድራል፤ በዚያን ጊዜ ተነሥቼ ያንኑ ስም እንደ ገና እጠራለሁ።

ስመለስ በመጀመሪያ ወደ ሴትዮዋ ቤት ሄጄ ከደጃፍ ቆሜ ይቅርታ ለመንኋት። እርስዋም «አባቴ፥ ይግቡ እንጂ» ብላ ቡና አፍልታ ካስቀመጠችኝ በኋላ፥ ያን ቀን ሳትጨርሰው የቀረችውን ነገር ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችኝ።

አሁን ስለ ኑዛዜ ምሥጢር ጥቂት ልናገር፤ ብዙ ካህናት የሚሰናከሉበት ነገር ነውና። የንስሐ አባት የሰማውን ለማንም አይነግርም፥ ለሚስቱም ቢሆን፥ ለጳጳሱም ቢሆን። ይህ የማይነካ ነው። ነገር ግን ከዚህ የተነሣ ካህኑ ፈጽሞ አፍ የሌለው ይመስለዋል፤ የተናዛዡን ምሥጢር ለመጠበቅ ሲል የራሱን ድካም ጭምር ይቀብራል። የሌላው ኀጢአትና ኀዘን የሌላው ነው፤ በእኔ ውስጥ ያስነሣው ፍርሀት፥ ቍጣ፥ መሰልቸትና ፈተና ግን የእኔ ነው። የእኔ የሆነውን ለንስሐ አባቴ ብነግር የማንንም ምሥጢር አላወጣሁም። «በዚህ ሳምንት ከሰማሁት ነገር የተነሣ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ፥ በሰውም ላይ ተመረርሁ» ለማለት የሰማሁትን መናገር አያስፈልገኝም። ነርሶችና ሐኪሞችም እንዲሁ ናቸው፤ የሕመምተኛቸውን ምሥጢር ጠብቀው የራሳቸውን ድካም ለሥራ ባልደረባ መናገር ይችላሉ።

ሌላም የማይነገር ነገር አለ፤ እኔ ግን እናገረዋለሁ። ካህን በየኀዘን ቤቱ በየተዝካሩ ሲዞር በየቤቱ ይቀዳለታል። ለሚያዝን ልብ ጠላውና አረቄው ለጊዜው ዕረፍት ይመስላል። በመጀመሪያ ባለቤቱን ላለማስቀየም ይጠጣል፤ ቀጥሎ ለመተኛት ይጠጣል፤ በመጨረሻ የሚጠጣበትን ምክንያት ይረሳዋል። ስንት መልካም ድምፅ፥ ስንት መልካም እውቀት በዚህ እንደ ጠፋ እናውቃለን፤ ሕዝቡም በእኛ ሲሣለቅ እንሰማለን። የሚሣለቀው ሰው ግን ያ ካህን ስንቱን ሬሳ እንደ ሸኘ አይቈጥርለትም። በመጠጥ የሚያርፍ ካህን ዕረፍት የነፈግነው ካህን ነው ብል ለስካር መከራከሬ አይደለም፤ ከስካሩ በፊት የነበረውን እንድናይ ነው።

እንግዲህ ይህን ዕረፍት ማን ይስጠው? ጌታችን ደቀ መዛሙርቱ ከስብከት ተመልሰው የሠሩትን ሁሉ በነገሩት ጊዜ፥ የሚመጣውና የሚሄደው ሰው ብዙ ስለ ነበረ ለመብላት እንኳ ጊዜ እንዳጡ አይቶ፥ ለብቻቸው ወደ ምድረ በዳ ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ አዘዛቸው። ይህም በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ይገኛል። ሕዝቡ ግን በእግር ሮጦ ቀደማቸው፤ ጌታም አዘነላቸው እንጂ አላባረራቸውም፤ አስተማራቸው፥ መገባቸውም። የታሰበው ዕረፍት ሁልጊዜ አይገኝም ማለት ነው። ነገር ግን ቀጥሎ ያለውን ማንበብ ይገባል። ከዚያ በኋላ ደቀ መዛሙርቱን በታንኳ ሰደዳቸው፥ ሕዝቡን አሰናበተ፥ ራሱም ሊጸልይ ወደ ተራራ ወጣ። ሁሉን የሚችል ጌታ ሕዝቡን ካሰናበተ፥ እኛ «ነገ ተመለሱ» ለማለት የምናፍረው ስለ ምንድር ነው?

ለካህኑ ደግሞ ቤተ ክርስቲያናችን ሥርዐቱን አስቀድማ በቅዳሴው ውስጥ ሠርታለታለች። ቅዳሴ ሲቀደስ ልዑካኑ ቢያንስ አምስት ናቸው፤ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት። ብቻውን ገብቶ የሚቀድስ ካህን የለም፥ ምንም እንኳ ቅዱስ ቢሆን፥ ምንም እንኳ ሊቅ ቢሆን። በመንበሩ ፊት ብቻውን እንዲቆም ያልተፈቀደለት ሰው፥ በሕዝቡ ኀዘን ፊት ብቻውን እንዲቆም ማን ፈቀደለት? በእኛ ደብር ሦስት ካህናት ይህን ተመካክረን፥ በየወሩ አንድ ቀን ከሠርክ ጸሎት በኋላ ለብቻችን እንቀመጣለን። የማንም ስም አይነሣም፤ የማንም ነገር አይወራም። እያንዳንዱ ስለ ራሱ ድካም ይናገራል፤ ሌሎቹ ይሰማሉ። ከሦስታችን አንዱ በጣም ደክሞ ከተገኘ የዚያን ወር የኀዘን ቤት ተራውን ሁለታችን እንከፍልለታለን። በመጀመሪያ ተሳቀን ነበር፤ የካህን ሥራ መስማት እንጂ መናገር አይመስለንም ነበርና። የሰበካ ጉባኤ አባላትም አንድ ካህን ስንት የንስሐ ልጅ መያዝ እንደሚችል አስበው ቢያከፋፍሉ መልካም ነው፤ 200 ቤት የያዘ ካህን ስማቸውን እንኳ ሊያውቅ አይችልም።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በአገራችን ሰሜናዊ ክፍል በነበረው ጦርነት ውስጥ ሆነው ሙታንን የቀበሩ፥ የተፈናቀለውን ያጽናኑ ካህናትና የሕክምና ሠራተኞች አሉ። ከእነርሱ አንዳንዶቹን አግኝቻለሁ። አሁንም የሚናገሩት ስለ ሌላው ሰው መከራ ነው፤ ስለ ራሳቸው ሲጠየቁ «እኛማ ምን ሆንን?» ይላሉ። እንዲህ ያለውን ሰው ያገኘ ሁሉ ጥያቄውን ሁለተኛ ይጠይቀው።

ድካም ሁሉ በዕረፍት ብቻ እንደማይድን ማወቅም ያስፈልጋል። እንቅልፍ ለብዙ ሳምንት የጠፋበት፥ እህል የማይቀምስ፥ በምንም ነገር ደስ የማይለው፥ ይልቁንም እንደ ኤልያስ ሞትን የሚለምን ሰው ቢኖር፥ የንስሐ አባቱ ብቻውን ሊያክመው አይሞክር። ጸሎቱ፥ ጸበሉም አይቅርበት፤ ነገር ግን እጁን ይዞ ወደ ሐኪም ይውሰደው። ሲራክ በመጽሐፉ ምዕራፍ 38 ሐኪምን እግዚአብሔር እንደ ፈጠረውና መድኀኒትንም ከምድር እንዳስገኘ አስተምሮናል፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበረ። በጸበልና በመድኀኒት መካከል ጠብ የፈጠርን እኛ ነን።

ለነርሲቱ ልጄ የሰጠኋት መልስ ይህ ነበረ። «ልጄ፥ ልብሽ ድንጋይ ሆኖ ቢሆን ኖሮ ባልጠየቅሽኝ ነበር። የገበሬ መዳፍ ከዕርፍ ብዛት ይጠነክራል፥ ይህ ግን እጁ ሞቷል አያሰኝም። ዕንባሽን በግድ አትፈልጊው። ጌታችን በአልዓዛር መቃብር እንደሚያስነሣው እያወቀ አልቅሷልና ዕንባ የድካም ነውር አይደለም፤ የማያለቅስም ሁሉ ጨካኝ አይደለም። ሰው በእጅሽ ላይ ባረፈ ጊዜ ወደሚቀጥለው አልጋ ከመሄድሽ በፊት አንድ አቡነ ዘበሰማያት የሚደገምበትን ያህል ብቻ ቁሚ፤ ስሙን ጠርተሽ ለእግዚአብሔር ስጪው፥ ከዚያ ሂጂ። ሥራ ስትጨርሺ እጅሽን ስትታጠቢ በዚያ እንደ ተውሽው ቍጠሪ። የሌሊት ተራሽ ከበዛ ለአለቃሽ ንገሪያት፥ ይህን መጠየቅ ስንፍና አይደለም። በዕረፍት ቀንሽም የእድሩን ወጥ ሁልጊዜ አንቺ ብቻ እንድትሠሪ ማን አዘዘሽ?»

በዚያ ጾም የያዘችውን ስግደትም እኩሌታውን ቀነስሁላት፤ ሌሊቱን በእግርዋ ቆማ የምታድር ሴት ናትና። እርስዋ ግን ደስ አላላትም፥ የተቀጣች መስሏት ነበር።

የሐዋርያት ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ተመልሳ መጥታ ነበር። ዕንባዋ አልተመለሰም፤ እንቅልፍዋ ግን ተመልሷል፤ ማታ ማታም ለልጅዋ ተረት መንገር ጀምራለች። ስግደቱን ልጨምረው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ገና ነው አልኋት።